«የንጉሥ ሚካኤል ጠርሙስ ነው» ሲሉዎት መጀመሪያ አፉን ይመልከቱ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ደሴ ፒያሳ ካፌ ለመክፈት የተዘጋጁ አንዲት እህት ለመደርደሪያ የሚሆኑ አሮጌ ጠርሙሶች ሲያፈላልጉ አንድ ነጋዴ ሦስት አመጣላቸው። አንደኛው ጥቁር አረንጓዴ የወይን ጠርሙስ ነው፤ መቀመጫው ወደ ውስጥ ጠልቆ የገባ ሲሆን «ከንጉሥ ሚካኤል ግቢ የወጣ» ተብሏል። ሁለተኛው ከታች ሰፍቶ ወደ አፉ እየጠበበ የሚሄድ ትንሽ ጠርሙስ ነው፤ «ካምፓሪ» እና «ሚላኖ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ጎልተው ወጥተውበታል፣ «የጣሊያን ጊዜ» ነው ተብሏል። ሦስተኛው ድፍን ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የመድኃኒት ጠርሙስ ሲሆን «ቤት ሲሠራ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ፣ መቶ ዓመት ያለፈው» ነው የተባለው። ጠያቂዋ እውነተኛውን ከአስመሳዩ በምን እንደሚለዩ፣ ኬሚካል እንደሚያስፈልግም ማወቅ ይፈልጋሉ።

እህቴ፣ የተለየ ኬሚካል አያስፈልግዎትም። ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙት ዓይነት አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ፣ የስልክዎ ባትሪ፣ ጠፍጣፋ መስታወት፣ ጥጥና ትንሽ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ይበቃል)፣ ቢገኝም ባለ ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩባት ወይን ጠጅ መብራት ካለች ሙሉ ነው። ነጋዴው ጠርሙሱን አጥቦና አብረቅርቆ ሊያመጣልዎት ቢል እንዳይታጠብ ይንገሩት። ብዙው ማስረጃ ያለው ቆሻሻው ውስጥ ነው።

ከሁሉ በፊት ጥያቄዎን ያስተካክሉ። «አሮጌ ነው ወይ?» ማለት አያዋጣም። «ነጋዴው ከጠቀሰው ዘመን ጋር ይስማማል ወይ?» ይበሉ። ንጉሥ ሚካኤል በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተማርከዋል፤ ስለዚህ ከግቢያቸው ወጣ የሚባል ጠርሙስ ከዚያ በፊት የተሠራ መሆን አለበት። ጣሊያን ደሴ የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው፣ የወጣው በ1933። በሁለቱ መካከል ሃያ ዓመት ያህል አለ፤ በዚያ ሃያ ዓመት የዓለም የጠርሙስ ሥራ ከሰው ትንፋሽ ወደ ማሽን ተሻገረ። ስለዚህ አንዱ ምልክት ለመጀመሪያው ጠርሙስ ክስ ሲሆን ለሁለተኛው ምስክር ይሆናል። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «የማሽን ስፌት ካለው ውሸት ነው» የሚል ነገር ሰምተው እውነተኛውን የ1928 ጠርሙስ ይጥላሉ። (ከዚህ በታች የፋብሪካ ዓመታትን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አሁን ጠርሙሱን አግድም ይያዙና ከመቀመጫው ጀምረው በጎኑ ያለውን ስፌት በአውራ ጣት ጥፍርዎ እየተከተሉ ወደ አፉ ይውጡ። ስፌት የምለው የብረቱ ሞልድ (ጠርሙሱ የሚቀረጽበት ቅርጽ ማውጫ) ሁለት ግማሾች የሚገጥሙበት ቦታ በብርጭቆው ላይ ጥሎት የሚቀረውን ቀጭን መስመር ነው። መስመሩ አንገት ላይ ደርሶ ከአፉ በታች ከጠፋ፣ ሆዱ ሞልድ ውስጥ በትንፋሽ ተነፍቶ አፉ በእጅ ተሠርቷል ማለት ነው። ሠራተኛው አፉን እንደገና አግሎ በመሣሪያ እያዞረ ሲቀርጸው ስፌቱ ይታበሳል፤ በማጉያ ሲያዩት አንገቱን የከበቡ ስስ ክብ ጭረቶች ይታያሉ። ከዚያም ቀደም ባለው አሠራር የአፉ ቀለበት ለብቻው የቀለጠ ብርጭቆ ተጨምሮበት ነው የሚሠራው፤ ከቀለበቱ ሥር ትንሽ ፈሶ የረጋ ብርጭቆ ይታያል፣ ስፌቱም ቀለበቱ ሥር ገብቶ ድንገት ይቆማል።

መስመሩ አፉን ተሻግሮ እስከ ጫፉ ከወጣ፣ ከአፉ ሥርም ዙሪያውን የከበበ ሌላ አግድም መስመር ካለ፣ ማሽን ነው። አሜሪካዊው ማይክል ኦወንስ ሙሉ በሙሉ ራሱን ችሎ የሚሠራውን የጠርሙስ ማሽን ለገበያ ያበቃው በ1903 ነው፤ አውሮፓ ውስጥ የማሽን ሥራ በስፋት የተዳረሰው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ ውስጥ ከዚያ በፊትም ግማሽ በእጅ ግማሽ በማሽን የሚሠሩ ነበሩ፤ ስለዚህ «ፈጽሞ አይቻልም» አልልም። ግን አፉ ድረስ ስፌት ያለው ጠርሙስ ከ1909 ዓ.ም. በፊት ወሎ ደርሷል የሚል ሰው ማስረጃ ማቅረብ ያለበት ራሱ ነው።

ምንም ስፌት ከሌለስ? ቸኩለው «ያለ ሞልድ የተነፋ ነው» አይበሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የአውሮፓ የወይንና የሻምፓኝ ጠርሙሶች ብዙ ጊዜ ሞልዱ ውስጥ እንዳሉ ይዞሩ ነበር፤ መዞሩ ስፌቱን ያጠፋና በምትኩ ሆዱ ዙሪያ ብርሃን ላይ ብቻ የሚታዩ ስስ አግድም ክቦች ይተዋል። የእርስዎ አረንጓዴ ጠርሙስ እነዚህ ክቦችና በእጅ የተሠራ አፍ ካሉት ዘመኑ ከንጉሡ ጊዜ ጋር ሊስማማ ይችላል። መቀመጫው ወደ ውስጥ መጥለቁ ግን ዕድሜ አያሳይም፤ ዛሬ የሚሸጥ የሻምፓኝ ጠርሙስም መቀመጫው እንዲሁ ነው።

ጠርሙሱን ገልብጠው መቀመጫውን በማጉያ ይመርምሩ። እዚህ አራት ነገር ይፈልጋሉ። መካከሉ ላይ ሲነኩት የሚቧጥጥ የተሰበረ ክብ ጠባሳ ካለ፣ አፉ እስኪሠራ ድረስ ጠርሙሱን የያዘው ዘንግ የተለጠፈበት ቦታ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የጠርሙስ ፋብሪካዎች ዘንጉ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በመያዣ መቆንጠጫ ተተክቷል። ይሁን እንጂ ጠባሳው ብቻውን አያሳምነኝም፤ ሜክሲኮና ህንድ ውስጥ ዛሬም ለጌጥ የሚነፉ ጠርሙሶች ይኸው ጠባሳ አላቸው፣ አረፋውም ሆን ተብሎ በብዛት ይጨመርባቸዋል። እውነተኛ አሮጌ ጠርሙስ ላይ አረፋ እዚህና እዚያ፣ አንዳንዱ በተነፋበት አቅጣጫ ተስቦ ይገኛል፤ እንደ ሶዳ ውኃ ሞልቶት ካዩ ይጠርጥሩ።

ሁለተኛው፣ ጠርዙ የተንጨፈረረ፣ ብዙ ጊዜም ከመካከል ወጣ ብሎ የተቀመጠ ክብ መስመር ነው። ይህ የኦወንስ ማሽን ብርጭቆውን ከምድጃ ስቦ ሲቆርጠው የሚተወው ጠባሳ ሲሆን የ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ መለያ ነው። ሦስተኛው፣ ጠርሙሱ መሬት የሚነካበት ጠርዝ ላይ ዙሪያውን የተደረደሩ ትናንሽ ጉብታዎች ናቸው፤ በጣት ሲዳስሱት ይሻክራል። ትኩሱ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ሲያርፍ ሥሩ በጥቃቅን ስንጥቅ እንዳይጎዳ ተብሎ ከ1940 ወዲህ የመጣ ዘዴ ነው። ይህን ያገኙበት ጠርሙስ ጣሊያን ደሴ ሲገባ አልተሠራም፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። አራተኛው ጽሑፍ ነው። ይዘቱን በሴንቲ ሊትር የሚናገር ቁጥር አጠገብ እንደ ላቲን «ኢ» ያለች ትንሽ ምልክት፣ ወይም ተገልብጣ 3 ቁጥርን የምትመስል ምልክት ካለች፣ የአውሮፓ የልኬት ሕግ ምልክቶች ናቸውና ጠርሙሱ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠራ ነው። ጽሑፉ ካልተነበበልዎት ስስ ወረቀት አድርገውበት በእርሳስ ጎን በቀስታ ያሻሹት፤ ጥርት ብሎ ይወጣል።

እዚህ ላይ ወደ ትንሹ ጠርሙስ ልምጣ፤ ከሦስቱ በጣም የሚያሳስተው እሱ ነው። ካምፓሪ ሶዳ የሚባለው መጠጥ ጠርሙስ የወጣው በ1932 ነው፣ ንድፉ የሠዓሊው ፎርቱናቶ ዴፔሮ ነው። ወረቀት አይለጠፍበትም፤ ጽሑፉ ከብርጭቆው ጋር አብሮ ወጥቶ ነው የሚታየው፣ የሚዘጋውም በቆርኪ ነው። ጣሊያን ደሴ ከመግባቱ አራት ዓመት ቀድሞ ስለወጣ የነጋዴው ታሪክ በዘመን ይስማማል። ችግሩ ይኸው ቅርጽ ዛሬም ሳይለወጥ እየተመረተ መሸጡ ነው። ባለፈው ወር ሮም ላይ ተጠጥቶ የተጣለ ጠርሙስ በቅርጹ ከ1930ዎቹ ጋር አንድ ነው። አፉ ላይ ያለው ስፌት አይፈርድም፤ በዚያ ዘመንም ማሽን ነበር። የሚፈርደው የመቀመጫው ጠርዝ ነው። ጉብታ ካለው፣ የይዘት ምልክቷ ካለች አዲስ ነው። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነና ምልክቶቹ ከሌሉ ደግሞ ወደ ጭረቱ ይለፉ።

ፊደላቱን ሲመረምሩ የቁጥር ወጥመድም አለ። የመጠጥ ፋብሪካዎች የተመሠረቱበትን ዓመት ጠርሙስ ወይም ወረቀት ላይ ማኖር ይወዳሉ፤ ካምፓሪ 1860፣ ማርቲኒ 1863፣ ፌርኔት ብራንካ 1845፣ ሳን ፔሌግሪኖ 1899። ያ ዓመት የኩባንያው ነው። ከእውነተኛ ጠርሙስ ላይ ሞልድ ተቀድቶ የተሠራ አስመሳይ ከሆነ ደግሞ የፊደላቱ ጠርዝ እንደሟሟ ሳሙና ይለሰልሳል፣ መጠኑም ከዋናው ትንሽ ያንሳል፤ ቅጂ በተቀዳ ቁጥር ይሸረሸራልና።

ጭረት ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ አስመሳዮች በብዛት የሚጋለጡት እዚህ ነው። ጠርሙሱን በጠፍጣፋው መስታወት ላይ ያቁሙትና ዓይንዎን ከመስታወቱ ጋር አስተካክለው መቀመጫው በትክክል የት የት እንደሚነካ ያስተውሉ። ጠርሙስ በብዛት አንድ ወጥ ክብ ሆኖ አያርፍም፤ ሦስት ወይም አራት ቦታ ላይ ይነካል። አሁን ገልብጠው በማጉያ እነዚያን ቦታዎች ይፈልጉ። ለዓመታት በመደርደሪያና በጠረጴዛ ላይ ሲነሳ ሲቀመጥ የኖረ ጠርሙስ በሚነካበት ቦታ ብቻ ይፋቃል፤ ጭረቶቹም በየአቅጣጫው የተበታተኑ፣ አንዳንዱ ረዘም አንዳንዱ አጠር፣ አንዳንዱ ጠለቅ ያለ ነው። በአሸዋ ወረቀት ወይም በሲሚንቶ ላይ የተፈተገ ግን ጭረቱ ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰለፈና እኩል ይሆናል፣ መሬት ሊነካ በማይችለው ጉድጓድ ውስጥም ይገኛል። መሬት ያልነካ ነገር በመቀመጥ አይፋቅም! ከዚያ የሆዱን በጣም ወጣ ያለ ቦታ ይዩ፤ በሳጥን ተደርድሮ የተጓዘ ጠርሙስ ከጎረቤቱ ጋር ሲጋጭ እዚያ ላይ ጠባብ የመፋቅ ቀበቶ ያወጣል። ተመላሽ የቢራና የለስላሳ ጠርሙሶች ላይ ይህ ቀበቶ በደንብ ይታያል፤ ለዓይን ልምምድ አንድ ያገለገለ ተመላሽ ጠርሙስ ከግሮሰሪ ተውሰው ቢያስተያዩ ጥሩ ነው። ምንም ጭረት የሌለው ጠርሙስ ግን የግድ አዲስ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ተጠጥቶ የተጣለና የተቀበረ ንጹሕ መቀመጫ ሊኖረው ይችላል።

ከመሬት ወጣ ከተባለ የመሬቱን ሥራ ይጠይቁ። እርጥበት ያለው አፈር ከብርጭቆው ላይ ጨዎቹን እያጠበ ስለሚወስድ ገጹ በስስ ሽፋን ይሸፈናል፤ ሽፋኑ የቀስተ ደመና ቀለም ይሰጣል፣ በጥፍር ሲነኩት እንደ ቅርፊት ይነሳል። ቦታ ቦታ ነው የሚይዘው፤ በአንድ በኩል በርትቶ በሌላ በኩል ሊጠፋ ይችላል። አስመሳዩ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው የሚረጭ አብረቅራቂ ቀለም ነው፤ በአሴቶን የተነከረ ጥጥ ለግማሽ ደቂቃ ይዘው ቢያሹት ጥጡ ቀለም ይይዛል። እውነተኛው ሽፋን አሴቶን አይፈታውም። (ይህን ሙከራ የሚታይ ቦታ ላይ አያድርጉት፤ ከመቀመጫው አጠገብ ይበቃል።) ሌላው በአሲድ ማደብዘዝ ነው፤ ይህ ጠርሙሱን ከላይ እስከ ታች በእኩል ያጨልመዋል፣ ጭረቶቹንም ሸርሽሮ ያለዝባቸዋል። ብርጭቆ የሚበላው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በቆዳ ገብቶ አጥንት ድረስ የሚጎዳ ነገር ነውና ማንም «ልሞክርልሽ» ቢልዎት እንዳይፈቅዱ።

ጭቃውንም ይፈትሹ። ለብ ባለ ውኃ አንድ ሰዓት ዘፍዝፉት። የመሬት ጭቃ ይሟሟል፣ ውኃውን ያደፈርሰዋል። በኮላ የተለጠፈ ጭቃ ግን ነጭ ሆኖ ያብጥና በልጣጭ ይነሳል። ውስጡ ያለው ቆሻሻ በአንድ ጎን የረጋ፣ ጠርሙሱ ተጋድሞ የቆየበትን ደረጃ የሚያሳይ መስመር ካለው ጥሩ ነው፤ ውስጡም ውጭውም አንድ ዓይነት ጭቃ በእኩል ከተቀባ ሰው የሠራው ነው። ውኃው ፈልቶ አይሁን፤ የደሴ ጠዋት ያቀዘቀዘው አሮጌ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል።

ወይን ጠጁ ጠርሙስ ላይ ነጋዴው የነገረዎት ታሪክ ከራሱ ጋር ይጣላል። አሸዋ ውስጥ ያለ ብረት ብርጭቆን አረንጓዴ ስለሚያደርገው፣ ነጭ ጠርሙስ ለመሥራት ማንጋኒዝ ይጨመር ነበር፤ ይህ በተለይ ከ1880ዎቹ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት በሰፊው ተሠርቶበታል፣ ከዚያ በኋላ ሴሌኒየም እየተካው ሄደ። ማንጋኒዝ ያለበት ብርጭቆ ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ፀሐይ የምትሰጠው ቀለም ፈዘዝ ያለ ነው፤ ድፍን ያለ ጥቁር ወይን ጠጅ በጋማ ጨረር ወይም በጠንካራ የጨረር መብራት የተቀየረ፣ አለዚያም ሲቀልጥ ጀምሮ ቀለም የገባበት አዲስ ብርጭቆ ነው። ሁለተኛ፣ መሬት ውስጥ ፀሐይ የለም። ተቀብሮ የኖረ ጠርሙስ በፀሐይ ወይን ጠጅ ሊሆን አይችልም። በጨረር የተቀየረ ከሆነ ጠርሙሱ ራሱ እውነተኛ አሮጌ ሊሆን ስለሚችል አፉንና መቀመጫውን እንደ ሌሎቹ ይመርምሩ፤ ቀለሙ ግን ዋጋ የሚያስጨምር ነገር አይደለም፣ ለእኔ እንዲያውም የሚቀንስ ነው።

የብር መለያዋን መብራት በጨለማ ክፍል ውስጥ ቀለም በሌለው ጠርሙስ ላይ ቢያበሩ ማንጋኒዝ ያለበት ደከም ያለ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። ዩራኒየም ያለበት ብርጭቆ ግን ፍም ሆኖ አረንጓዴ ይበራል። ሁለቱን አያምታቱ፣ አንዱንም ብቻውን ይዘው ዘመን አይወስኑ።

ገበያ ላይ ሌሎችም ይመጡልዎታል። በሽቦ ተጨቁኖ የሚዘጋ ጠርሙስ የ1875 ፈጠራ ነው፣ ግን ጣሊያኖቹ ቦርሚዮሊ ሮኮዎች ዛሬም ለዘይትና ለውኃ ያመርቱታል፤ ክዳኑ ፕላስቲክ፣ ሽቦው የማይዝግ ከሆነ የሱፐርማርኬት ዕቃ ነው። አንገቱ ውስጥ ብይ የያዘው የሶዳ ጠርሙስ በ1872 በእንግሊዛዊው ሃይረም ኮድ የተፈጠረ ሲሆን ህንድ ውስጥ አሁንም ሶዳ ይሸጥበታል። ጥርስ ያለው አፍ፣ ከጥርሱ በታች ደግሞ ሲከፈት ተቆርጦ የሚቀረውን የቆርቆሮ ቀለበት የሚይዝ ወፍራም ዙሪያ ካለ የቅርብ ጊዜ የአረቄ ጠርሙስ ነው፤ ከሰኞ ገበያም ይምጣ ከቆራሌው ያው ነው። ዳምጃን ሲቀርብልዎት ስፌቱን እስከ አፉ ይከተሉ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ በጎኑ አንከባለው ይልቀቁት። በእጅ የተነፋ አንዱ ጎኑ ስለሚወፍር ሁልጊዜ በዚያው ጎን ያርፋል።

ስለ ግዢው፦ አረንጓዴውን አፉ በእጅ የተሠራ ሆኖ ካገኙት ይግዙት፣ ግን በአሮጌ ወይን ጠርሙስ ዋጋ። ብርጭቆ ዘመኑን እንጂ የማን ቤት እንደነበረ አይናገርም፤ የግቢው ታሪክ ፎቶግራፍ፣ ውርስ ወረቀት ወይም የታወቀ ቤተሰብ ምስክርነት ከሌለው ሳንቲም አይጨምሩበት። ትንሹን ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ይያዙት፣ ጉብታ ካለው የባዶ ጠርሙስ ዋጋ ይስጡት። ወይን ጠጁን እኔ አልገዛውም። ነጋዴው ያለውን ዘመንና ምንጭ በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ፤ የሚያምንበት ይጽፋል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ላሳስብ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። በማንኛውም ዕቃ መቀመጫ ወይም ጀርባ ላይ በቀለም ወይም በቀለም እስክሪብቶ የተጻፈ ትንሽ ቁጥር ካዩ፣ የሙዚየም መዝገብ ቁጥር ሊሆን ይችላል። አይግዙ፣ ቁጥሩንም እንዳይፋቅ ይጠንቀቁ፣ ፎቶ አንስተው ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። ከውጭ የሚመጣ እንግዳዎም ከመደርደሪያዎ ገዝቶ ይዞ ልሂድ ቢልዎት፣ ቅርስ ከአገር የሚወጣው በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በፈቃድ ብቻ መሆኑን ይንገሩት።

ሲያጸዱ ለብ ያለ ውኃና ጥቂት ሳሙና ይበቃል። የኖራ ነጭ ካለው ግማሽ ኮምጣጤ ግማሽ ውኃ ሞልተው ያሳድሩት፤ የቀስተ ደመና ሽፋን ያለውን ግን በኮምጣጤም በብሩሽም አይንኩ። ውስጡን በአሸዋ ማጠብ ክልክል ነው። የመድኃኒት ጠርሙሶቹን፣ በተለይ ጎናቸው የተሸነሸነና ሰማያዊ የሆኑትን፣ መርዝ ይያዝባቸው ስለነበር ጠጅም ማርም አያድርጉባቸው። መደርደሪያውን ቀጥታ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ያርቁ፣ ከቡና ማሽኑ እንፋሎትም ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ።